አክስቴና ዘጠነኛው ድንጋይ

የመንደራችንን ጂኦግራፊ ለማወቅ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ አንድ ኮረብታ፣ አንድ ወንዝ፣ በመሃላቸው አንድ መንገድ። ታሪኩንም ቢሆን፣ ሦስት ወንድማማቾች በአንዲት ላም ተጣልተው መሬቱን በድንጋይ ተካፈሉ ብሎ መጨረስ ይቻላል። አክስቴ ግን አትጨርሰውም። የመንደሩ ምክር ቤት ጸሐፊ ስለሆነች ሰላሳ አንድ ዓመት ስትጽፈው ኖራለች። ሰዉ «መዝገብ» ይላታል፤ እሷም ሲጠሯት አቤት ትላለች።

የቢሮው ጣሪያ ስለሚያፈስ መዝገቦቹን ሁሉ ሳሎኗ ውስጥ ባለው ቁምሳጥን ቆልፋባቸዋለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ባሏ፣ እኔ አጎቴ የምለው፣ አናጺ ነው፤ ቁምሳጥኑን በገዛ እጁ ሠርቶት ሳለ አንድ ሸሚዝ ልስቀልበት ቢላት እሺ አላለችውም።

በየዓመቱ የምክር ቤቱ ሰዎች ወሰኑን በእግር ይዞራሉ። አሥራ ሁለት ድንጋይ አለ፤ አክስቴ ለእያንዳንዱ «ታይቷል» ብላ ትጽፋለች። ዘጠነኛው ጋ ሲደርሱ ምሳ ሰዓት ይሆናል፤ የአክስቴም ቤት እዚያው ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሳቃል። ሆድ ሲሞላ ድንጋይ ማን ያስታውሳል? ከምሳ በኋላ በቀጥታ ወደ አሥረኛው ነው። እንዲህ እየተባለ ዘጠነኛው ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሳይታይ «ታይቷል»።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ይበቅላል እንዲሉ፣ ዘንድሮ ከአውራጃ ቀያሽ ተላከ። ሰውዬው ዳቦውን በቦርሳው ይዞ ነው የመጣው። ሌሎቹ እጃቸውን ሲታጠቡ እሱ በራፍ ላይ ቆሞ ዘጠነኛውን ድንጋይ አሳዩኝ አለ። ሊቀ መንበሩ አክስቴን አየ፤ አክስቴም ሊቀ መንበሩን።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «የቆምክበት ነው» አለው።

ቀያሹ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ሲጠርግ ዘጠኝ ጭረት ብቅ አለ። ለካ አጎቴ ቤቱን ሲሠራ፣ አሁን ሳሎኑንና መኝታውን የሚለየው መጋረጃ ካለበት ቦታ ላይ ተጋድሞ አግኝቶት ኖሯል። እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጣላል እንዴ ብሎ የበሩ መርገጫ አደረገው። ቀያሹ መሣሪያውን ተክሎ አነጣጠረ። ወሰኑ በመጋረጃው ሥር ያልፋል፤ ሳሎኑ የኛ፣ መኝታው የጎረቤት መንደር። የምክር ቤቱ ደንብ ደግሞ ጸሐፊ ማለት በመንደሩ ክልል ውስጥ የሚያድር ሰው ነው ይላል። ደንቡን በእጇ የገለበጠችው አክስቴ ናት።

ሊቀ መንበሩ ነገሩ እዚሁ ይቅር፣ ምሳውም እየቀዘቀዘ ነው አለ። አክስቴ ግን እስክሪብቶዋን አወጣች። ፊቷ አመድ መስሎ «ጸሐፊዋ ከክልል ውጭ ስታድር ኖራለች» ብላ ጻፈች። አንጀቴን በላችው፤ ያለዚያ ሥራ አክስቴ ምን ልትሆን ነው?

አጎቴ እጅጌውን ሰብሰብ አደረገ። ችግሩ አልጋ ከሆነማ ይገፋል አለ። ሊቀ መንበሩ በራስጌ፣ ሁለት የምክር ቤት አባላት በግርጌ፣ እኔ ፍራሹን በራሴ ተሸክሜ፣ ቀያሹ እንኳ ዳቦውን በአፉ ይዞ ስንገፋ፣ መጋረጃው ወርዶ ሊቀ መንበሩ ላይ ተጠመጠመ። በሳቅ ፈረስን። የጎረቤት መንደር ሰዎች ሰርግ መስሏቸው መጡ። አልጋው ግን ቁምሳጥኑ ጋ ሲደርስ ተገትሮ ቆመ። ቀያሹ ተንበርክኮ ለካ፤ የአክስቴ ጎን ገብቷል፣ የአጎቴ ጎን ክንድ ያህል ውጭ ቀርቷል።

«ይበቃል» አለ አጎቴ። «ጸሐፊዋ እሷ ናት። ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ውጭ ባድር አይከፋኝም።»

ሁላችንም ሳቅን፤ አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። ቁምሳጥኑን አየች፣ አጎቴን አየች። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ለሊቀ መንበሩ ሰጠችው።

«መዝገቦቹን ወደ ቢሮ ውሰዷቸው፤ ቁምሳጥኑንም» አለች። «የሚያፈስ ከሆነ ጣሪያውን አሠሩ። እሱን ለማን ትቼ ነው እኔ የምገባው?»

የዚያን ቀን ቃለ ጉባኤ ዛሬም ቢሮ ውስጥ አለ። ዘጠነኛው ድንጋይ «ታይቷል» ይላል። ከሥሩ በአክስቴ እጅ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «አልጋውም ታይቷል፤ ሁለቱም ጎን ገብቷል።»