ምልክት የሌላት አራት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የልጄ ልጅ ብሩክታዊት ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ስታለቅስ አገኘኋት። ገጹ ላይ ክብ ተሥሏል፤ ከሥሩ 4 ቁጥር ብቻዋን ቆማለች። የዲግሪ ምልክት እንኳ የላትም።

«አባባ፣ ይቺ አራት ከክቡ የትኛው ሩብ ውስጥ እንደምትወድቅ ጠፋኝ» አለችኝ።

ያችን ቁጥር አውቃታለሁ፤ ከትምህርት ቤት ያስወጣችኝ እሷ ናት።

ዘጌ ተወልጄ ያደግሁት በዳዊትና በዜማ ነው። አባቴ መርጌታ ነበሩ። የእኔ ልብ ግን የዓባይ ድልድይ ላይ ቀረ፤ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ካልሆንሁ ብዬ ለምኜ ለምኜ ባሕር ዳር ትምህርት ቤት ገባሁ። አባቴ ሲያሰናብቱኝ፣ «አንድ ክፍል ከወደቅህ ሁለተኛ ዓመት አልጨምርልህም፤ ዜማ ቤቱ ይጠብቅሃል» አሉኝ። ቃላቸውን እንደማያጥፉ አውቅ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ራዲያን የሚባል ነገር መጣ። ዲግሪውን ለምጄዋለሁ፤ ክቡ በአራት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሩብ ዘጠና ነው። ራዲያን ግን የምን መለኪያ እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። ሲጨንቀኝ ባደግሁበት መላ ሄድሁ፤ ዲግሪን ወደ ራዲያን የሚቀይረውን ሰንጠረዥ አዜምሁት። «ሠላሳ ዲግሪ፣ ፓይ ለስድስት፤ አርባ አምስት ዲግሪ፣ ፓይ ለአራት» እያልሁ ሐይቁ ዳር ስመላለስ አሳ የሚጠብሱት ሴቶች «ኧረ ይሄ ልጅ የምን ዳዊት ነው የሚደግመው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ንባቡ በቃል ይያዛል፣ ትርጓሜው ኋላ ይመጣል። ይሄም ይመጣልኛል ብዬ ጠበቅሁ።

አልመጣም። የሰኔው ፈተና ላይ ፓይ የለ፣ ዲግሪ የለ፤ 2፣ 4፣ 5 እያለ በየትኛው ሩብ እንደሚገኙ ይጠይቃል። ዜማዬ ውስጥ አንዳቸውም የሉም። ትንንሽ ናቸውና ዲግሪ መሆን አለባቸው ብዬ ሁሉንም አንደኛው ሩብ ውስጥ አጎርኋቸው። የፈተናው ግማሽ በእነሱ ላይ የቆመ ነበርና ወደቅሁ።

አባቴ በታንኳ ሊወስዱኝ በመጡ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን ጋሽ ግርማ እስከ ዳርቻው ሸኙኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈትኑኝ!»

«ውጤቱ ከእጄ ወጥቷል፣ ልጄ። ምን ላድርግህ?» አሉኝ።

አዘኑ መሰለኝ፣ ከውሃው ዳር ከበቀለው አንድ ለጋ ደንገል ቆረጡ። አንዱን ጫፍ እርጥቡ አፈር ላይ ይዘው በሌላው ክብ ሠሩ። ከዚያ ያንኑ ደንገል አጉብጠው በክቡ ጠርዝ ላይ አስተኙት። «አንድ ራዲያን ማለት ይሄው ነው፤ ከመሐል እስከ ዳር ያለው ርዝመት ጠርዙ ላይ ሲተኛ የሚከፍተው ማዕዘን። ምልክት የሌላት ቁጥር ስንት ራዲያን እንደሆነ ነው የምትናገረው» አሉ። ከቆመበት ቀጥለው ደገሙት፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሩብ አልፎ ሁለተኛው ውስጥ ቆመ። ሦስተኛው ግማሹ ላይ ሊደርስ ጥቂት ቀረው። አራተኛው ሦስተኛው ሩብ ውስጥ ገባ።

እንደዚያ የበራልኝ፣ እንደዚያም ያንገበገበኝ ነገር በዕድሜዬ የለም።

«አባባ፣ ገባኝ! ገባኝ እኮ!» ብዬ ወደ ታንኳው ጮህሁ።

«እሰየው። በል ነፋስ ሳይነሳ ግባ» አሉ አባቴ። በመንገድ ላይ ከቋጠሩት ቆሎ ዘገኑልኝ፤ እፍኜ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዘጌ እስክንደርስ አለቀስሁ፤ እሳቸውም ቀዘፉ።

በዚያ እሑድ ብሩክታዊት ፊት ሰሃን ደፋሁ። ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዤ፣ ከመሐሉ እስከ ዳሩ ለክቼ፣ ጠርዙ ላይ አራት ጊዜ አስተኛሁላት።

«ሦስተኛው ሩብ!» አለችና እንባዋን ጠረገች። ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ እርስዎ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር እንዴ?»

«ገብቼ ነበር» አልኋት። ከዚያ በላይ ብናገር ማልቀሴ ነው። ዘመኔን በመርጌታነት ጨርሻለሁ፤ ዜማውን እወደዋለሁ፣ አልቆጨኝም ብል ግን ውሸት ነው። ያችን መልስ ይዣት ነበር ታንኳው ላይ የወጣሁት፤ እስከ እሑድ ድረስ ማንም አልጠየቀኝም።