የማይሞተው ጦረኛና የኔ አባት

ገብስ ሲታመስ በሸተተኝ ቁጥር ሶዶ የነበረው ቤታችን ትዝ ይለኛል። የክተት ነጋሪት የተጎሰመበት ሰሞን ነበር። እናቴ ለአባቴ ስንቅ በሶ ስታዘጋጅ ቤቱ ገብስ ገብስ ሲሸት ሰነበተ። እኔ ግን ገና ስምንት ዓመቴ ነበርና ሐሳቤ ሁሉ ተረት ላይ ነበር።

ጎረቤታችን አያ አንጁሎ እንሰታቸው ሥር ተቀምጠው የሁለት ጦረኞች ተረት ጀምረውልን ነበር። አንዱ ጦር የማይበሳው፣ ሞት የማያውቀው ነው፤ ሌላው እንደኛው ሟች፣ አንድ ነፍስ ብቻ ያለው። ዳሞታ ተራራ ሥር ገጥመው ሰባት ቀን ተፋለሙ። «ማነው የበረታ? እስቲ አስቡት» ብለው ሳይጨርሱልን ተነሡ። በዚህ የተነሣ የሰፈር ልጆች ለሁለት ተከፈልን። ጓደኛዬ አስካለ ለሟቹ ወገነች፤ እኔ ሞኟ ሳቅሁባት። በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጋሻ ስንዋጋ ሟች የሆነ ይሸኛል፣ ሲወድቅም ይለቀስለታል። የማይሞተው ግን አይሸኝም፤ ምን ሊሆን? ይመለስ የለ!

አንድ ቀን አባቴ ጠመንጃውን ሲወለውል፣ «አባዬ፣ አንተ ከየትኞቹ ነህ?» አልሁት።

«አንቺ ከየትኞቹ ብሆን ትወጃለሽ?»

«ከማይሞቱት።»

«እንግዲያው ከነሱ ነኝ» ብሎ ሳቀ። እናቴ ፊቷን አዞረች።

የሚሄድ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ሊሸኝ ወጣ። እናቴ «ነይ አባትሽን ሳሚ!» እያለች ብትጣራም እንሰቱ ውስጥ ተደብቄ ቀረሁ። ከሸኘሁት ሟች የሚሆንብኝ መሰለኝ። በቅጠሎቹ መሐል ሳየው ሁለቴ ቆሞ ዞር ዞር አለ። እኔን ነበር የሚፈልገው።

አልተመለሰም። የት እንደወደቀም የነገረን የለም። አያ አንጁሎ ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሴን እየደባበሱ ተረቱን ጨረሱልኝ። «ሟቹ ነው የበረታ፣ ልጄ። ያኛው ምን ያጣል? ይሄኛው አንድ ነፍስ አለው፤ እሱን ይዞ ሄደ።»

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ቴሌቪዥን ላይ ተቆርጦ የሚነሣ ጦረኛ እያዩ «የኔው ይበልጣል» እየተባባሉ ይከራከራሉ። ልጆች ናቸው፤ እተዋቸዋለሁ። አንዳቸው ለሁለት ቀን አርባ ምንጭ የሚሄድ እንደሆነ ግን ዱላዬን ይዤ እስከ መናኸሪያው እከተላለሁ። «እማማ፣ ነገ ተነገ ወዲያ እመጣ የለ!» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ጉንጫቸውን አገላብጬ ሳልስም አንዳቸውንም አልለቅም።

አባቴን አልሳምሁትም።