መቶ ተብሎ የገባው ሜሞሪ

መካኒሳ በነበረው መሥሪያ ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር ነበረን፤ ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነበርኩ። የማታ ትምህርቴን የጨረስኩት ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ነው። ንብረት ክፍል ከመደቡኝ ጊዜ ጀምሮ እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ሳላነብ አልፈርምም ነበር። ከእኔ በፊት በቦታው የነበረው ሰው በአንዲት የመኪና ጎማ ሰበብ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለስ አይቼዋለሁ።

አንድ ዓመት በሰኔ ኮምፒዩተሩ ተንቀራፈፈ ተብሎ አዲስ ሜሞሪ ተገዛለት፤ እንደ ማበጠሪያ የረዘመች ቀጭን አረንጓዴ ሰሌዳ። ገቢ ደረሰኙ ላይ ፍጥነቷ መቶ ተብሎ ተጽፏል። ፈረምኩ። ረቡዕ ዕለት ሊገጥማት የመጣው ቴክኒሻን የላፍቶ ሰው ነው፤ ድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። አሮጌዋን ሜሞሪ ሊነቅል ሲል ከለከልኩት። በስሜ ያለች፣ የምትሠራ ዕቃ ያለ ወጪ ደረሰኝ ከቦታዋ አትነሳም አልኩት። ሳቅ ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰክቷቸው ሄደ።

እሱ እንደወጣ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ሲነሳ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሽው ብሎ የሚያልፍ ነጭ ጽሑፍ አለ። ቀጥ የሚያደርገውን ቁልፍ አውቀዋለሁ፤ ተጫንኩት። የሜሞሪው ፍጥነት ስድሳ ስድስት ይላል።

ሦስት ጊዜ አጠፋሁ፣ ሦስት ጊዜ አበራሁ። ስድሳ ስድስት። ሰኞ የዓመቱ ቆጠራ ነው፤ ኮሚቴው ደረሰኙን ከዕቃው ጋር ያመሳክራል። መቶዋን በስድሳ ስድስት ለውጣ ሸጠቻት ቢሉኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከኮምፒዩተሩ ካርቶን የወጣውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ሐሙስን ሙሉ አነበብኩ። አርብ ጠዋት ኮምፒዩተሩ ክፍል አቧራ እንዳይገባ በወጣው ደንብ መሠረት ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁና መመሪያው የሚለውን ሰማያዊ የማስተካከያ ገጽ ከፈትኩ። የፍጥነቱን መስመር አገኘሁት። ስድሳ ስድስቱን መቶ አደረግሁት።

ስክሪኑ ጨለመ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ብቻ። ከሶኬቱ ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት፤ ያው ነው። እንግዲህ ጠፋ የሚባለው ሜሞሪ ብቻ አይደለም፣ ኮምፒዩተሩንም ገድየዋለሁ።

ለቴክኒሻኑ ደወልኩለት። ከሰዓት በዝናብ መጣ። ምን እንደነካሁ ጠየቀኝ። ራሱ ቆመ ማለት እችል ነበር፤ ማንም የሚለው ይህንኑ ነው። ያደረግሁትን ነገርኩት። ክዳኑን ከፈተ፤ ማሽኑ የቀየርኩትን እንዲረሳ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አውጥቶ ጥቂት ጠበቀና መለሳት። ከዚያ አሮጌዋን ሜሞሪ ነቀለ። በዚህ ጊዜ አልከለከልኩትም።

ማሽኑ ተነሳ። ቁልፉን ራሴ ተጫንኩ። መቶ።

«አየሽ እህቴ» አለኝ፣ «አባቴ ዛሬም በበሬ ነው የሚያርሰው። ፈጣኑን ከዘገምተኛው ጋር ከጠመድሽ ሁለቱም በዘገምተኛው እርምጃ ይሄዳሉ። ዘገምተኛውን ልግረፍ ካልሽ ደግሞ ትልሙ ላይ ይተኛብሻል።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«ደረሰኝ፣ ደረሰኝ ስትዪ ማን አፉን ይከፍታል?»

አሮጌዋን እጄ ላይ አስቀመጣት። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፤ አሁን ደግሞ በመዝገቡ መሠረት ማሽኑ ውስጥ መሆን ያለባት ዕቃ በእጄ ነች። ፖስታ ውስጥ ከተትኳትና የተነቀለችበትን ምክንያት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። እንዳትነሳ የከለከልኩት እኔ መሆኔን ጻፍኩ። ማንንም ሳላስፈቅድ ፍጥነቱን ቀይሬ ማሽኑን ማቆሜንም ጨመርኩ። ቅዳሜና እሁድን ወረቀቱን ልቅደደው አልቅደደው ስል ከረምኩ።

ሰኞ የኮሚቴው ሰብሳቢ ስክሪኑን አየ፣ ደረሰኙን አየ፣ ምልክት አደረገ። ሊያልፍ ሲል ፖስታውንና ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ቆሞ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኼን ጻፊ ያለሽ ማነው?»

«ማንም።»

«ባትጽፊውስ ማን ያውቅ ነበር?»

ሜሞሪዋን ከፖስታው አወጣሁለት። አገላብጦ አያት። ከወረቀቱ ግርጌ ፈረመና ፋይሉ ውስጥ አስገባው፤ አሮጌዋን ዛሬውኑ ግምጃ ቤት መልሺ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ፖስታውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ግምጃ ቤት ሄድኩ። ግቢው መሃል ስደርስ ጭቃው ባዶ እግሬን አቀዘቀዘው፤ ጫማዬን ኮምፒዩተሩ ክፍል በር ላይ ትቼ ነበር።