የእትዬ ቃጭል ብስክሌት ባሕር ተሻገረች

እትዬ ቃጭልን በእግራቸው ሲሄዱ ያየ ሰው «እኚህ ሴትዮ እኮ አረጁ» ይላል። ብስክሌት ላይ ሲያያቸው ግን ቃሉን ይውጣል። ከዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ከወደቁ ወዲህ ዳሌያቸው አልሆነላቸውም፤ ትንሽ እንደተራመዱ የሚደገፉት ግድግዳ ይፈልጋሉ። ኮርቻ ላይ ሲወጡ ሕመሙ የሌላ ሰው ይሆናል። ሐኪሙም «የሚጎዳዎት መራመዱ ነው እንጂ መንዳቱስ ያበረታዎታል» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ስለዚህ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ቅርጫታቸውን ከኋላ ጭነው፣ ቃጭላቸውን እያቃጨሉ፣ ለየሱቁና ለየሆቴሉ ዳቦ ያደርሳሉ። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ቃጭል ያላቸው ሰፈሩ ነው።

አንድ ልጃቸው ባሕር ማዶ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሊጠይቁት ሄደው ነበር፤ ብስክሌቷን ግን ትተዋት ነው የሄዱት። ልጅና ምራት ሥራ ሲውሉ እሳቸው መስኮት ሥር ቁጭ ብለው የሰው አናት ሲቆጥሩ ይውላሉ። ገበያው እዚያው ማዶ ይታያል፤ እግር የለም። ከተመለሱ በኋላ ለጎረቤት «እንደ አደራ ዕቃ አስቀምጠውኝ ይሄዱ ነበር» አሉ። ሁለተኛ ያለ ብስክሌቴ ከቤቴ አልርቅም ብለውም ማሉ።

ከዚያ አንድ ቀን ልጃቸው ደወለ።

«እማዬ፣ ወንድ ልጅ ወለድን» አለ። ድምፁ ግን የደስታ ድምፅ አልነበረም። ሕፃኑ ያለ ወሩ መጥቶ ሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ ተኝቷል። እናቱም በቀዶ ሕክምና ስለወለደች ቤት ብትመለስም ገና ደረጃ መውረድ አልቻለችም።

«መጣሁ» አሉ እትዬ ቃጭል። «ብስክሌቴም ትመጣለች።»

«እማዬ፣ የምትሳፈሪው እኮ አውሮፕላን ነው።»

«እኔን የተሸከመ እሷን ያቅተዋል?»

ልጁ የእናቱን ግትርነት ያውቃል፤ አየር መንገዱን ጠየቀ። ተፈታትታ ካርቶን ውስጥ ከገባች ይቻላል አሉት።

እትዬ ቃጭል በቀጥታ ወደ ጎማ ጠጋኙ ሄዱ። ጠጋኙ ለዓመታት ጎማቸውን ሲለጥፍ የኖረ የልብ ወዳጃቸው ነው። ብስክሌቷን ልፍታልዎት አላላቸውም።

«እዚያ ማን ይገጥምልዎታል? ራስዎ ይፍቱ፣ ራስዎ ይግጠሙ» ብሎ ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀመጠ። «ይሄ የግራው ፔዳል አመፀኛ ነው። ሌላውን ብሎን በሚያጠብቁበት በኩል ሲያዞሩት ይፈታል።»

«እንደ ሟቹ ባለቤቴ በለኛ» አሉ እትዬ ቃጭል።

እየፈቱ እየገጠሙ እጃቸው ግሪስ በግሪስ ሆነ። መጨረሻ ላይ ጠጋኙ ብረቱ እንዳይጣመም ብሎ የፊት ጎማው በወጣበት መሃል እንጨት ሸነቀረበት። እሳቸውም ብረቱን ዳቦ ቤቱ በሰጣቸው የዱቄት ከረጢት ጠቅልለው ካርቶኑን አሸጉት።

ጣጣውን ያመጣው ያ ከረጢት ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ካርቶኑ በዕቃ መፈተሻው አላልፍ ስላለ ፈታሹ በእጁ ከፈተው። ገና ሲነካው ነጭ ብናኝ እጅጌው ላይ ቦነነ።

«ይሄ ምንድን ነው እናቴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ዱቄት።»

«የምን ዱቄት?»

«የስንዴ ነዋ። ዳቦ አከፋፋይ ነኝ።»

ፈታሹ በጨርቅ ጠርጎ አንድ መሣሪያ ውስጥ ከተተው። ከኋላ የተሰለፈው ሰው አንገቱን አሰገገ። እትዬ ቃጭል አውሮፕላኑ ጥሏቸው ቢሄድስ ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። መሣሪያው ምንም አላለም። ፈታሹም ሳቁን እያፈነ «በሉ እናቴ፣ ያሽጉት» አላቸው።

«አንተ ዘረገፍከው፣ እኔ በዚህ ዳሌዬ ልንበረከክ?»

ፈታሹ አንድ ጊዜ ሰልፉን አየ፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን አየ። ከዚያ ተንበርክኮ፣ እሳቸው ከላይ ሆነው «እዚያ ጋ ድገመው፤ ጥግ ጥጉን» እያሉት፣ ካርቶኑን በፕላስተር ግጥም አድርጎ አሸገው። ከሰልፉ አንዱ አጨበጨበ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ሰዉ ደመና ያያል፤ እትዬ ቃጭል ወለሉን ያያሉ። ከሥራቸው፣ ሆዱ ውስጥ እሷ አለች። ሲያርፍ መሬቱን ሲመታው «ወይኔ ጎማዬ» ብለው አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ክንድ ጨበጡ።

ልጃቸው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ሊቀበላቸው መጥቷል። በስልክ እየተነጋገሩ እሱ በር ላይ፣ እሳቸው ውስጥ ሻንጣ የሚዞርበት ጋ ቆሙ። የሰው ሻንጣ ሁሉ አለቀ። ማሽኑ ባዶውን ዞሮ ዞሮ ቆመ።

«እማዬ፣ ነገ ይፈልጉልናል፤ ነይ ውጪ» አለ ልጁ።

«እሷን ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም።»

ስልኩን ዘግተው አንዲት ጽዳት ሠራተኛን ጠየቁ። ሴትዮዋ ትልልቅ ዕቃ የሚወጣበትን የጎን በር በጣቷ አሳየቻቸው። እዚያ አንድ ጥጉ የተጨፈለቀ ካርቶን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አንደኛው ፔዳል ቀዳዳ አበጅቶ ወደ ውጪ ያያል።

እቤት እስክንደርስ አላሉም። መቀበያው አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን «ቁልፉን አቀብለኝ፤ አይደለም፣ ትንሹን» እያሉ ይገጥሙ ጀመር። ያን የሚያህል አውቶቡስ የሚነዳው ሰው የግራውን ፔዳል በቀኝ በኩል ሊያስገባ ታገለ። እንጨቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ምንም አልተጣመመም። ጎማዎቹን ነፍተው ሲጨርሱ ቃጭሉን አንዴ መቱት። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጁ ጭንቀቱን አወጣ። የሕፃኑ ትልቁ መድኃኒት የእናቱ ወተት ነው። እሷ እያለበች ታስቀምጣለች፤ ሆስፒታል የሚያደርስ ግን የለም። እሱ ፈረቃ ላይ ነው፤ ድልድዩ እየታደሰ ስለሆነ መኪና ሁሉ እንደ ኤሊ ይሄዳል። ነርሶቹ ቶሎ ቶሎ አምጡ ይላሉ።

«ዳቦ ሳይቀዘቅዝ ሳደርስ የኖርኩ ሰው» አሉ እትዬ ቃጭል፣ «ወተት ሳይሞቅ ማድረስ ያቅተኛል?»

በማግስቱ ጠዋት ምራታቸው ወተቱን በረዶ ባለበት ትንሽ ሣጥን አድርጋ ሰጠቻቸው። «እማማ፣ መንገዱን ያውቁታል?» አለች በስጋት። እሳቸው ሣጥኑን ከኋላ አስረው፣ ደጃፉ ላይ ሁለቴ ዞረው ሞክረው፣ መንገደኛ እየጠየቁ ሄዱ። መጀመሪያ ቀን ሁለት ጊዜ ጠፋባቸው። ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉ ዘበኛ ቃጭሉን ገና ከዳገቱ ሥር ሲሰማ በሩን ይከፍት ጀመር። ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ማታ፤ ዝናብ ቢሆንም ነፋስ ቢሆንም።

አንድ ቀን ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጃቸው መሪውን ይዞ፣ አውቶቡሱን የሞላው ሰው እያጉረመረመበት ተቀምጧል። ከኋላ ቃጭል ሰማ። እናቱ በአውቶቡሱ ጎን፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ አለፉ። የታሰረው ሣጥን ነቅነቅ ይላል።

«የት ነው እንዲህ የሚከንፉት?» አለች ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ተሳፋሪ።

«እናቴ ናት» አለ ሹፌሩ። «ለልጄ ወተት እያደረሰች ነው።»

ሲያጉረመርም የነበረው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞሮ እስኪሰወሩ ድረስ በዓይኑ ሸኛቸው። ሹፌሩ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ሕፃኑ ወፈረ። መጀመሪያ ቱቦው ወጣለት፣ ከዚያ ከማሞቂያው ወጣ፣ ከዚያ ነርሷ «ነገ ውሰዱት» አለች። ያን ቀን እናትና አባት በታክሲ ሊያመጡት ሄዱ። እትዬ ቃጭልም ተከትለው ሄደው ነበር፤ ሲመለሱ ታክሲው ድልድዩ ላይ ሲንፏቀቅ ጥለውት መጡ። ብስክሌቷን ደረጃው ሥር አስረው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ፣ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። እጃቸውን ታጥበው የቤቱን በር ወለል አድርገው ከፈቱ።

ታክሲው ሲደርስ ልባቸው ቅቤ ጠጥቶ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ምራታቸው ደረጃውን ቀስ ብላ ጨርሳ ልጁን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ዓይኑን ገልጦ ያያል።

«ቤትህ ነው፤ ግባ» አሉት።