የማጭዷ ቆዳ

የሸሕዲ ከተማው የፊዚክስ መምህር ባህሩ ሁለት ማጭድ አለው። ሁለቱንም ያሠራው ካንድ ቀጥቃጭ፣ ካንድ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ነው። አንደኛዋ ከቀጥቃጩ እጅ ወጥታ ቀጥታ ቤቱ ገባች። ሌላዋ ግን እሱ ራሱ ረግጦት የማያውቀውን አገር አይታ ተመለሰች። እጀታ ሳይገባላት ሊልካት ፖስታ ቤት ሲወስዳት፣ ተቀባይዋ ሴት ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻትና እነሱ አገር ማጭድ ጠፋ እንዴ ብላ ጠየቀችው። ባህሩ ማስረዳት ጀመረ። ይኸ ሰው አንዴ ማስረዳት ከጀመረ ሰልፉ ይበተናል እንጂ እሱ አያቆምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየክረምቱ እየተመላለሰ የሚማረውን ሁለተኛ ዲግሪ ለመጨረስ የቀረው የጥናት ጽሑፉ ብቻ ነበር፤ ጥናቱም የአዮን ጨረር ጠጣር ነገሮችን እንዴት እንደሚለውጥ ነው። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። የናይትሮጅን አቶም ኤሌክትሮን ሲነጠቅ አዮን ይሆናል፤ አዮኑን በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል አስፈንጥረው፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣ ዕቃ ውስጥ ከብረት ጋር ያላትሙታል። ብረቱን ሰርስሮ ይገባል። በጥቅምት የሸሕዲን የሠራተኛ ገበያ ያየ ሰው ይኸ አይጠፋውም፤ ሰው ከሰው ተጣብቆ በቆመበት አንዱ ጎረምሳ በክርኑ እየገፋ ይመጣና ሌላውን ከቦታው አፈናቅሎ መሀል ላይ ይሰነቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ወዲህ ወዲያ ማለት አይችልም። የብረትም አቶሞች እንዲህ ሲጨናነቁ ላዩ ይጠነክራል፣ ቶሎ ተፍቆ አያልቅም። ቀለም አልተቀባ፣ ሌላ ብረት አልተለበጠበት፤ የገዛ ቆዳው ነው የተለወጠው። ክፋቱ፣ ያ ቆዳ የፀጉርን ውፍረት አምስት መቶ ቦታ ቢከፍሉት አንዱን እጅ ቢያክል ነው።

የአባታቸውን እርሻ የምታሳርሰው ታላቅ እኅቱ አሰበች ይህን ስትሰማ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ሳቀችበት። ባህሩ ግን የሰሊጥ ገበሬ ልጅ ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ካቆዩት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ አጫጆቹ ደግሞ በየሰዓቱ ቆመው ማጭድ ይስላሉ። የማትደንዝ ማጭድ ብትገኝ ስንት ሰሊጥ ይተርፍ ነበር!

አማካሪው ስንት ቦታ ለምኖ፣ አንድ የውጭ አገር ቤተ ሙከራ ላንድ ጊዜ ብቻ አንዲት ማጭድ ሊቀበል እሺ አለ። ማጭዷ የተመለሰችው ከዓመት ከሰባት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ዩኒቨርሲቲው ሁለት ጊዜ አራዝሞለት፣ በመጨረሻ እስከ ኅዳር ማለቂያ ውጤትህን ካላመጣህ ስምህ ይሰረዛል አለው። ስድስት ክረምት የተንከራተተበት ትምህርት በአንዲት ማጭድ ላይ ተንጠለጠለ።

ሰሊጡ ሲደርስ ሁለቱን ማጭዶች መዝኖ፣ ስለታቸውን በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አይቶ፣ እርሻ ወረደ። አሰበች ካንድ የጎጃም ቀበሌ የመጡ አጫጆች ነበሯት፤ ከነሱ ደሞዝ የሚባለውን እጁ የረጋ ጎልማሳ መርጦ ሁለቱንም ሰጠው። እስከ ምሳ በአንዷ፣ ከምሳ በኋላ በሌላዋ እንዲያጭድ፣ ለማንም እንዳያውስ፣ ቢደንዙም ድንጋይ እንዳያስነካቸው አጥብቆ ነገረው። ደሞዝም በጊዮርጊስ ማለ።

በሰባተኛው ቀን ባህሩ ማጭዶቹን ይዞ ሸሕዲ ገባ። መዘናቸው፤ እኩል ቀንሰዋል። ማይክሮስኮፕ ሥር አደረጋቸው፤ ስለታቸው እንደ መንታ እኩል ተበልቷል። ደግሞ መዘነ፣ ደግሞ አየ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። መጽሐፉን ረገመ፣ አማካሪውን ረገመ፣ ምንም ያላጠፉ ተማሪዎቹን ተቆጣ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ምለህልኝ አልነበረም ወይ ብሎ ደሞዝን ሊያፋጥጥ እንደገና እርሻ ወረደ።

ደሞዝ በጥያቄው ተገረመ። «እኔማ ድንጋይ አላስነካኋቸውም። በመጀመሪያው ቀን ጧት ሽማግሌያችን አያ እንግዳው ከሳሏቸው ወዲህ ማንም አልነካቸውም።»

ልማዳቸው ነው። የነሱ አገር አጫጆች እርሻ በሚገቡበት በመጀመሪያው ማለዳ ማጭዳቸውን ሁሉ ሰብስበው ለሽማግሌያቸው ይሰጣሉ። ሽማግሌው ከአገር ቤት በመጣ ባንድ ድንጋይ ሁሉንም ይስሉና መርቀው ይመልሳሉ፤ የሁሉም ስለት እኩል እንዲሆን፣ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር። ደሞዝ ይህን መሳል ብሎ አልቆጠረውም። ምርቃት ነው። አንዱን ማጭድ ከምርቃት ማስቀረት ደግሞ ነውር ብቻ ሳይሆን መዓት ይጠራል።

ባህሩ እንደተናደደ ዳሱ ሥር ወደተቀመጡት አያ እንግዳው ሄደ። ማጭዶቹን ሲያሳያቸው ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«አዎ፣ አስታውሳቸዋለሁ። አንደኛይቱማ ነገረኛ ነበረች። ሦስት አራት ጊዜ ስስባት ድንጋዩ ያዳልጥብኛል። ምን ያለች ብረት ናት ብዬ ተጫንኋት፤ ከዚያ በኋላ ለቀቀችልኝ፣ እንደ እኅቷ ሆነች።»

ባህሩ ሁለቱንም ማጭዶች ወደ ሽማግሌው አስጠጋ። «የትኛዋ፣ አያ?»

ሽማግሌው ሳያመነቱ ጫፏ ጎበጥ ወዳለችው ጠቆሙ። ባሕር ተሻግራ የመጣችው እሷ ናት።

ባህሩ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ቆዳው ነበረ። ጥናቱ ልክ ነበር፤ ስድስት ክረምትም በከንቱ አልሄደም። ይህን የሚያውቀው ግን በዓለም ላይ አንድ የሽማግሌ እጅ ብቻ ነው፤ ያው እጅ ነው ባወቀበት ቅጽበት ፍቆ የጨረሰው። ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገው ቁጥር ነው፤ የአያ እንግዳውን ድንጋይ አዳለጠው ተብሎ ዲግሪ አይሰጥም። መቆጣት አማረው፤ ግን በማን ላይ ይቆጣል? የመረቀውን ሰው ይሰድባል?

አያ እንግዳው የልጁን ፊት አይተው አዘኑ። ጥፋቱ ባይገባቸውም ጥፋት እንዳለ ገብቷቸዋል።

«ለከርሞ ሌላ አምጣ፣ መምህር» አሉት። «ያችን ሳልስል እመርቃታለሁ።»

ባህሩ እሺ አላቸው። ከርሞ የሚባል ነገር እንደሌለው ለመንገር አቅም አልነበረውም።