ዘንገና ላይ ፈረስ የቀደመች ታንኳ

ትምህርት በተዘጋ ሰሞን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከቆሰበር ወጥተን ዘንገና ሐይቅ ላይ ታንኳ ተዋስን። አራተኛው ጓደኛችን ደግሞ በፈረሱ ዳር ዳሩን ዞሮ ማዶ ሊቀድመን ተወራረደ። ከተሸነፍን ክረምቱን ሙሉ መሳቂያው ነን።

ፈረስ እንጂ ታንኳ አናውቅ፤ ሦስታችንም እግራችንን ግራና ቀኝ ውሃው ውስጥ ሰደን ተፈናጠጥናት። ከፊት ያለው "ቼ! ቼ!" ይላል፤ እሷ ግን ፈቀቅ አትልም።

የታንኳዋ ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ ከዳር ሆነው ጮኹ፦ "እናንተ ልጆች፣ በቅሎ መሰለቻችሁ? እግራችሁን አውጡ!"

እግራችንን ሰብስበን፣ ተንበርክከን ቀዘፍን። ታንኳዋ ተፈተለከች! ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ዝም ብዬ እጮሃለሁ። ማዶ ስንደርስ ፈረሱ ገና ከዛፎቹ መሃል ብቅ ማለቱ ነበር።

ጓደኛችን ላቡን እየጠረገ፣ "እስቲ እኔም ልሞክራት" አለ። ፈረሱን አስሮ መጣና እግሩን አንፈራጦ ተፈናጠጣት።