የሱ መርፌና የኔ እግር ማንሳት

ባለቤቴና እኔ ጉልበታችንን የታመምነው በአንድ ዓመት ነው። ጎረቤቶቻችን "ይሄስ ፍቅር ነው" እያሉ ይስቁብን ነበር። ፍቅር ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ቡናችን ከሚዛን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ታች ጅረቱ ድረስ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ነው ያለው። እሱ እየቆፈረ፣ እኔ ችግኙን እያቆምኩ ሁለታችን የተከልነው ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ስንወርድበት ስንወጣበት ኖረናል።

ልጃችን ከጅማ ደውሎ፣ "በቃ፣ ቡናውን ምርት ለሚካፈላችሁ ሰው ለእኩል ስጡትና ዕረፉ" አለን። ባለቤቴ ተናዶ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። እኔም ያን ሌሊት ሙሉ ስብሰለሰል አደርኩ። ለቀማ ሳይደርስ ካልተሻለን፣ የገዛ ቡናችንን በሰው አፍ እየሰማን ልንኖር ነው።

አማን ከተማ ሄደን ሐኪም አየን። በመገጣጠሚያችን ውስጥ ያለው ልስልስ ነገር ሳስቶ አጥንትና አጥንት እየተፋተገ ነው አለን። ጉልበት ውስጥ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ሕመሙን ቶሎ ያስታግሳል፣ ግን ለጊዜው ነው። የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምናም አለ፤ ጭን ሲጠነክር የጉልበትን ሸክም ያቀልለታል፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። "መርፌውን የወሰደም ቢሆን እንቅስቃሴውን መሥራት አለበት" ብሎ ጨመረ። ባለቤቴ ይህችን የመጨረሻዋን አልሰማም፤ መርፌ ሲባል ልቡ ሄዷል። እኛ ዘንድ ሳይወጋ የወጣ ሰው ታከመ አይባልም። እኔ ደግሞ መርፌ ስፈራ አይጣል ነው። በዚሁ መንገዳችን ተለያየ።

እሱ ጅማ ሄዶ ተወግቶ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ግቢውን ያለ ምርኩዝ ዞረው። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ቀናሁም። ከዚያ በኋላ ግን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቁጭ አለ። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ካሰረ በኋላ "እንዳታንቀሳቅሰው" ይል የለ? እሱም መድኃኒቱ ቦታውን እስኪይዝ ብሎ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቀለ። ጠያቂ ሙዙን ይዞ ይመጣና ይከበዋል። ውኃ ልቅዳ ብሎ ብድግ ሲል ሁሉም በአንድ አፍ "ኧረ በሞቴ ተቀመጥ!" ይሉታል። ደግነታቸው እግሩን እያሰነፈው መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

እኔን እንቅስቃሴውን የምታሠራኝ የዚያው የቤንች አገር ልጅ የሆነች፣ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ባለሙያ ነበረች። በጀርባዬ ተኝቼ እግሬን ቀጥ አድርጌ አነሣለሁ። እጄን ሳልደገፍ ከወንበር እነሣለሁ። የበሩ ደፍ ላይ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ትንሽ ክብደት እንዳስር ስትነግረኝ በጨርቅ ከረጢት ደረቅ ቡና ሞልቼ አሰርኩ። ባለቤቴ ከበርጩማው ሆኖ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ መውረድ ቢያቅተን ቡናው ራሱ ወደኛ መጣ እንዴ?" ብሎ አሳቀብኝ።

መጀመሪያ ላይ ይብሱን አመመኝ። አንድ ቀን ምርር ብሎኝ፣ "ልጄ፣ እሱ ድኖ ሙዙን ይበላል፣ እኔ እንደ ምልምል ወታደር እግር አነሣለሁ" አልኳት።

"እማማ፣ ከጠናብዎ ይቀንሱት፤ ግን አይተዉት" አለችኝ። አልተውኩትም። ስለ ጠነከርኩ እንዳይመስላችሁ፤ እልኽ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ የሱ ሕመም ተመለሰ። ድጋሚ ልወጋ ቢል ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ አይደጋገምም አለው። የኔ ጉልበት አልዳነም፤ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይንቋቋብኛል። ግን ይሸከመኝ ጀምሯል። ለቀማ ሲደርስ በትሬን ይዤ፣ ጎን ለጎን እየረገጥኩ ብቻዬን ወረድኩ። ቆመው ካላዩዋቸው ለቃሚዎቹ ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር ይሸመጥጡታል። "ጋሼስ?" አሉኝ። "ይመጣል" አልኳቸው።

ማታ ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ርቀው ስለ ከረሙ ልጆቹ እንደሚጠይቅ ሰው ስለ ዛፎቹ ጠየቀኝ። ጅረቱ ዳር ያለችው፣ ያቺ ዘመም ያለችው አፈራች ወይ? ግንድ የወደቀባትስ? ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ፣ "ነገ ያን እግር ማንሳት አሳዪኝ" አለ። ለዚህች ቀን ብዬ ስንት ተረብ አስቀምጬ ነበር፤ ሁሉንም ትቼ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በዓመቱ አብረን ወረድን። እሱ ግን የቻለው እስከ ግማሹ ነው። ጉልበቱ ከኔ የባሰ ነበር፣ እንቅስቃሴውንም የጀመረው ዘግይቶ ነው። ግንድ ላይ ተቀመጠና፣ "አንቺ ሂጂ፣ እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ" አለኝ። ጥቂት ወረድኩና ዞር ብዬ አየሁት፤ ታችኛውን ቡና ላለማየት ይመስል ፊቱን ወደ ላይኛው አዙሯል። ተመልሼ መጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ግንድ በታች ያለውን ቡና ለእኩል ሰጠነው። ልጃችን ደውሎ፣ "አንቺ እኮ ትችይ ነበር፣ እማዬ፤ ምነው?" አለኝ።

"ጉልበቴ እምቢ አለኝ" አልኩት።